ኦክስጅን የሚለካ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች እየበሉ ይቀጥናሉ። ከኢንሱሊን ጋር ምን አገናኘው?

ሲስተር_ማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። እናቴን ዓይነት 2 ስኳር ከያዛት ቆይቷል፣ ስለዚህ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ (ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል) የሚል ጽሑፍ ካየሁ ሳላነበው አላልፍም። ሰሞኑን ያነበብኩት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍአይኤች የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ሴል ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚከታተል። እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎው የራንዳል ጆንሰን ቡድን የዚህ ኢንዛይም ጂን የሌላቸውን አይጦች ፈጠረ። ኦክስጅን የሚለካ ነገር ሲነካ የደም ሥርና ቀይ የደም ሴል ይዛባል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ያ አልሆነም። አይጦቹ በሰላም ተወለዱ፣ አደጉ። ግን ጂኑ ካልተነካባቸው አይጦች ያነሰ ይመዝናሉ። ከልክ በላይ ይተነፍሳሉ። ብዙ ጉልበት ያቃጥላሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው እንደ ሌሎቹ አልወፈሩም፣ ጉበታቸውም ላይ ያን ያህል ስብ አልተከማቸም። የደም ስኳራቸውም የተሻለ ነው። ደግሞ ትንሽ እየበሉ እንዳይመስላችሁ፣ እንዲያውም የሚበሉት ይበልጣል።

ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ኦክስጅንን መለካት ከኢንሱሊን ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁለተኛ፣ ሰውነት ሲወፍር ስቡ ኦክስጅን ያጥረውና ኢንሱሊንን መስማት ያቆማል ሲባል ነበር የምሰማው። ታዲያ እዚህ የኦክስጅን እጥረት ምልክትን አፍኖ የሚይዘውን ኢንዛይም አጥፍተው እንዴት ጤነኛ ሆኑ? ተቃራኒው መሆን አልነበረበትም ወይ?

ፕሮቲን_ወዳጅ፦

ሲስተር፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከባዱ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚሁ መስመር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ሂፍ-1፣ ሂፍ-2 የሚባሉ ዓይነቶች ያሉት። ኦክስጅን ሲያንስ ይነቃል፣ ከነቃ በኋላ ብዙ ጂኖችን ያበራል። ቀይ የደም ሴል የሚያበዛው ሆርሞን ኤሪትሮፖይቲን ይመረት፣ አዲስ የደም ሥር ይብቀል፣ ሴሉ ስኳርን ያለ ኦክስጅን ይሰባብር ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። በ2019 ግሬግ ሴሜንዛ፣ ዊልያም ኬሊንና ፒተር ራትክሊፍ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው።

ኦክስጅን ሞልቶ ባለበት ጊዜ ሂፍ እንዳይነሳ የሚጠብቁት ኢንዛይሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ፒኤችዲ ይባላሉ፣ 1፣ 2 እና 3 ሆነው። ሂፍ ላይ ያለ ፕሮላይን የሚባል አሚኖ አሲድ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ምልክት የተደረገበት ሂፍ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ሁለተኛው የእኛ ኤፍአይኤች ነው። እሱ ሂፍን አያፈርስም። ሂፍ-1 መጨረሻው አካባቢ ያለ አንድ አስፓራጂን ላይ፣ በሰው 803ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ማለት ነው፣ አንዲት የኦክስጅን አቶም ይለጥፋል። ያቺ አቶም ካለች ሂፍ ፒ300 የሚባለውን ረዳቱን መያዝ አይችልም፣ ረዳቱን ካልያዘ ደግሞ ጂን ማብራት ይከብደዋል። ፒኤችዲ ሠራተኛውን ያባርረዋል፣ ኤፍአይኤች ደግሞ እጁን ያስረዋል ብለሽ ያዢው።

ለምን ኦክስጅን ለኪ ተባሉ? የሚለጥፉት አቶም ራሱ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚመጣ ነው። ኦክስጅን ለእነሱ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ጥሬ ዕቃው ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ሌላም ያስፈልጋቸዋል፦ ብረትና 2-ኦክሶግሉታሬት። ይህ ሁለተኛው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ፣ ማለትም ሴሉ ጉልበት በሚያመርትበት ክፍል፣ ምግብ ሲቃጠል የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህ ኢንዛይሞች አንድ እግራቸው አየር ላይ፣ አንድ እግራቸው ምግብ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄሽ መልስ ግማሹ እዚህ አለ።

አንድ ልዩነት ደግሞ ልብ በይ። ኤፍአይኤች ከፒኤችዲዎቹ በባሰ ትንሽ ኦክስጅን መሥራት ይችላል። ኦክስጅን እየቀነሰ ሲሄድ መጀመሪያ የሚደክሙት ፒኤችዲዎቹ ናቸው፣ ሂፍ መጠራቀም ይጀምራል፣ እጁ ግን ገና እንደታሰረ ነው። ኤፍአይኤች የሚለቀው ነገሩ ሲብስ ነው።

ፒኤችዲ2 ሙሉ በሙሉ የጠፋበት የአይጥ ፅንስ እኮ አይወለድም፣ እርግዝናው ላይ ይሞታል። ኤፍአይኤች የጠፋበት ግን ተወልዶ፣ አድጎ፣ ቀጥኖ ይሮጣል። ያን ጊዜ ይህን ሳነብ ደንግጬ ነበር። ሁላችንም ኤፍአይኤችን የሂፍ ትንሽ ረዳት ጠባቂ አድርገን ነበር የምናየው። ለካ ዋና ሥራው ሜታቦሊዝም ላይ ኖሯል።

ሲስተር_ማ፦

እግዜር ይስጥህ፣ እጅ ማሰሩ ገባኝ። ግን አይጡ የቀጠነው የቱ አካሉ ላይ ስለጠፋ ነው? ጡንቻው? ስቡ? ጉበቱ?

ፕሮቲን_ወዳጅ፦

እዚህ ላይ ነው ጥናቱ ልቤን የወሰደው። ጂኑን ከመላው አካል ብቻ ሳይሆን ከነርቭ ሴሎች ላይ ብቻ ያጠፉባቸው ሌሎች አይጦችም አሉ። ጉበታቸው፣ ስባቸው፣ ጡንቻቸው ኤፍአይኤች እንዳለው ነው። እነሱም ቀጠኑ። እነሱም ብዙ ጉልበት አቃጠሉ፣ ኢንሱሊን በደንብ ሠራላቸው፣ ቅባት እየበሉም አልወፈሩም። ሁሉም ለውጥ አይደለም የተደገመው፣ ግን ዋና ዋናዎቹ ተደግመዋል።

አስቡት እስቲ። ስኳርን ከደም የሚያነሱት ጡንቻና ስብ ናቸው፣ ስኳር ሠርቶ የሚለቀው ጉበት ነው። አንዳቸውም አልተነኩም። ትዕዛዙ የተለወጠው ላይ ቤት ነው። አንጎል ስንት ይቃጠል፣ ስንት ይተንፈስ የሚለውን ይወስናል፣ ኤፍአይኤች ደግሞ እዚያ ውሳኔ ውስጥ እጁ አለበት ማለት ነው።

የአይጥ_ክፍል፦

ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ አይጦቹን በእጄ ስለምይዝ ከዚያ በኩል ልጨምር። "ኢንሱሊን ተሻለው" የሚለው ቃል ወረቀት ላይ አጭር ነው፣ ከኋላው ያለው ሥራ ግን ረጅም ነው።

ጠዋት ምግቡን ከኬጁ አውጥተን ለ6 ሰዓት ያህል እናስርባቸዋለን። ጭራውን ጫፉ ላይ ጫር አድርገን አንዲት ጠብታ ደም እናወጣለን፣ በግሉኮሜትር እንለካለን፣ ያው ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። ከዚያ ግሉኮስ ሆዱ ውስጥ በመርፌ እንሰጣለን። ብዙ ጊዜ በኪሎ 2 ግራም ነው፣ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊግራም ይደርሳታል። ከዚያ በ15፣ በ30፣ በ60፣ በ90 እና በ120 ደቂቃ ያንኑ ጭራ ከሥሩ ወደ ጫፉ በጣት ቀስ አድርጎ ማለብ ነው፣ ጠብታዋ እስክትመጣ። 20 አይጥ ካለ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት ስላለው ቀና የምትልበት ጊዜ የለም። አይጡ ከፈራ ደግሞ ስኳሩ ከፍርሃቱ ብቻ ይወጣል። ለዚህ ነው ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት እየያዝን የምናለማምዳቸው። እጄን ሲለምዱና መዳፌ ላይ ሲረጋጉ ነው ቁጥሩን የማምነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቀጭን አይጥ ብዙውን ጊዜ ኢንሱሊን በደንብ ይሠራለታል፣ ምንም ጂን ባይነካ እንኳ። ስለዚህ አንድ ጂን ጠፍቶ አይጡ ቀጥኖ ስኳሩም ከተሻለ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ቀደመ ብዬ ነው። ጂኑ በቀጥታ የኢንሱሊኑን መንገድ ጠግኖት ነው? ወይስ ጂኑ አቀጠነው፣ ቅጥነቱ ኢንሱሊኑን አሻሻለው? ይህን ለመለየት ገና ክብደታቸው ሳይለያይ መለካት፣ ወይም ኢንሱሊንና ግሉኮስ አንድ ላይ በቧንቧ እየሰጡ ስኳሩን አንድ ቦታ የሚያቆሙበት ክላምፕ የሚባለው ፈተና ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚታመነው እሱ ነው። የሚያደክመውም እሱ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ቤተ ሙከራ ብዙውን ጊዜ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእኛ ምቹ ነው፣ ለአይጥ ግን ብርድ ነው። አይጥ ሳትቸገር የምትኖረው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ከምትበላው ትልቅ ክፍል ለሙቀት ታቃጥላለች። አንጎል ላይ "ብዙ አቃጥል" የሚል ትዕዛዝ ስትጨምርባት ውጤቱ የሚያስገርም ይሆናል፣ ምክንያቱም እሳቱ ድሮም እየነደደ ነው። ሰው ልብስ ይደርባል፣ መስኮት ይዘጋል። ስለዚህ የአይጥ የመቅጠን ዜና ሳይ መጀመሪያ የማየው ስንት ዲግሪ ላይ እንደተሠራ ነው።

ዮ_ተማሪ፦

ሰላም፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤፍአይኤች በኦክስጅን እጥረት ሥራውን ከቀነሰ፣ ሰውም ኦክስጅን ባነሰበት ድንኳን ውስጥ ቢተኛ ወይም አየር የሚቀንስ ማስክ አድርጎ ቢሮጥ ተመሳሳይ ነገር ማግኘት አይችልም? ጂም ቤት ጓደኞቼ ማስኩን ገዝተው እየተጠቀሙ ነው። እውነት የሚሠራ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሐኪም_ውስጥ_ደዌ፦

ዮ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን በዚህ ጉዳይ እንዳትሳሳት ስለምፈልግ በግልጽ ልንገርህ።

ጂን ማጥፋትና ኦክስጅን ማሳጣት አንድ አይደሉም። ጂኑ የጠፋበት አይጥ የሚተነፍሰው ሙሉ አየር ነው። ሴሉ ኦክስጅን አለው፣ የጎደለው አንድ ጠባቂ ብቻ ነው። አንተ ግን ኦክስጅኑን ራሱን ስትቀንስ ልብህ፣ ሳንባህ፣ አንጎልህ፣ ሚቶኮንድሪያህ ሁሉም ይነካሉ። የስፖርቱ ማስክ ደግሞ በዋናነት አየር ማስገባት ያከብድብሃል እንጂ የአየሩን ኦክስጅን እንደ ከፍተኛ ቦታ አይቀንስልህም።

ማወቅ ያለብህ ሌላ ነገር አለ። ኦክስጅን ከፍ ዝቅ ሲል፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ እየተቋረጠ እየተመለሰ ሲሄድ፣ አይጦች ላይ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው ሰዎች ላይ የምናየውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በዚህ ችግር የሚሰቃዩ ታካሚዎቼ ውስጥ ስኳር ያለባቸው ብዙ ናቸው። እባክህ ለጓደኞችህም ንገራቸው።

ፕሮቲን_ወዳጅ፦

ዶክተር፣ እናመሰግናለን። ጥያቄውን ለሲስተር ሁለተኛ ጥያቄ እንደ መግቢያ ልጠቀምበት፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይታሰራል።

ሂፍ መንቃቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ የት አካል ላይ፣ የትኛው ሂፍ፣ ምን ያህል የሚለው ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ የሚጻፉ ጽሑፎች ያናድዱኛል፣ ሰውን ያሳስታሉ።

ስብን ውሰዱ። ወፍራም አይጥ ስቧ ውስጥ ኦክስጅን ያጥራል። አንድ የታወቀ ልኬት ላይ የኦክስጅኑ ግፊት በቀጭኗ 48 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን በወፈረችው 15 አካባቢ ነበር። እዚያ ሂፍ-1 ይነቃል፣ ግን የሚሠራው ሥራ የደም ሥር አብቅሎ ማዳን አይደለም። ስቡን በኮላጅን እንዲጠነክርና እብጠት እንዲጀምር ያደርጋል፣ ያ ደግሞ ኢንሱሊን እንዳይሠራ ያደርጋል። ሂፍ-1ን ከስብ ሴል ላይ ያጠፉባቸው አይጦች ቅባት እየበሉም ስኳራቸው የተሻለ ሆኗል። በ2014 የጄሮልድ ኦሌፍስኪ ቡድን ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አሳየ፦ ቅባት የበዛበት ምግብ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት የስብ ሴሉን ሚቶኮንድሪያ ኦክስጅን ያለ ልክ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ስለዚህ እጥረቱ የሚመጣው የደም አቅርቦት ስላነሰ ብቻ አይደለም፣ ሴሉ ራሱ ስለሚጨርሰውም ነው። እንግዲህ ስብ ላይ ሂፍ-1 ጠላት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ጉበት እንምጣ። በ2013 ፒኤችዲ3ን ከአይጥ ጉበት ላይ ሲያጠፉ የነቃው ሂፍ-2 ነው። ሂፍ-2 ደግሞ አይአርኤስ2 የሚባለውን ጂን አበራ። አይአርኤስ2 ኢንሱሊን ተቀባዩን ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍተው ሰውዬ ነው። ውጤቱ ኢንሱሊን ተሻለ፣ የስኳር በሽታውም ቀለለ። እዚህ ሂፍ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው። ግን ይኸው ሂፍ-2 ጉበት ላይ ገደቡን ጥሶ ሲነቃ፣ ምልክት የተደረገበትን ሂፍ የሚያስፈርሰው ቪኤችኤል የሚባለው ጂን ሲጠፋ እንደሚሆነው፣ ጉበቱ በስብ ይሞላል። መጠኑ ሲለወጥ መልሱ ተገለበጠ።

ሦስተኛው ፒኤችዲ2 ነው። የፊንላንድ ኦሉ ከተማ ተመራማሪዎች በ2014 ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል የተቀነሰባቸውን አይጦች አጠኑ። ስባቸው አነሰ፣ ኮሌስትሮላቸው ወረደ፣ ኢንሱሊን በደንብ ሠራ። ከፊል የሚለውን አስምሩበት።

ሲስተር፣ ስለዚህ ተቃርኖ ያልሽው እውነት ተቃርኖ አይደለም። አንቺ የተማርሽው የስቡን ታሪክ ነው፣ ያነበብሽው ደግሞ የአንጎሉን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ደግሞ ሌላም አለ፦ ኤፍአይኤች ሂፍን ብቻ አይደለም የሚነካው። ኖችንና አይካፓቢን፣ እንደ እነሱም አንኪሪን የሚባል ድግግሞሽ ያላቸውን ብዙ ፕሮቲኖች ላይ አቶም ይለጥፋል። አይካፓቢ የእብጠት መንገድ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ኤፍአይኤች ጠፋ ማለት ሂፍ ነቃ ማለት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

የአይጥ_ክፍል፦

በጣም የምስማማበት ነው። አንድ ነገር ላክል። የስቡ ኦክስጅን ልኬት በሰው ላይ ሲደገም ሁልጊዜ እንደ አይጥ አልወጣም፣ በአንዳንድ ጥናቶች ወፍራም ሰዎች ስብ ውስጥ ኦክስጅኑ እንዲያውም ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ አይጥ ላይ የተሠራውን የስቡን ታሪክ እንኳ በቀጥታ ሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ደግሞ የአይጡ ዘር። ሲ57 ብላክ 6 ጄ የሚባለው፣ ሁሉም ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ጥቁሩ አይጥ፣ ኤንኤንቲ የሚባል የሚቶኮንድሪያ ጂን የተበላሸበት ነው። ይህ ብልሽት ኢንሱሊን መለቀቁን ይነካል። የራስህን ጂን አጥፍተህ የምታነጻጽረው ኤንኤንቲው ጤነኛ ከሆነ ሌላ ንዑስ ዘር ጋር ከሆነ፣ ያየኸው ልዩነት የኤንኤንቲ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት አይጦች ሲነጻጸሩ ካላየሁ ልቤ የማይረካው።

ሲስተር_ማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለዶክተር። እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያግድ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እናቴን ይረዳታል? ሜትፎርሚን ላይ ናት።

ሐኪም_ውስጥ_ደዌ፦

ሲስተር፣ አለ፣ ግን ለስኳር አይደለም። ሮክሳዱስታት፣ ዳፕሮዱስታትና ቫዳዱስታት የሚባሉ እንክብሎች ፒኤችዲዎቹን ያግዳሉ። የተፈቀዱት ለኩላሊት ሕመምተኞች የደም ማነስ ነው። ሮክሳዱስታት ቻይና ውስጥ በ2018 ተፈቀደ፣ ዳፕሮዱስታት አሜሪካ ውስጥ በ2023፣ ቫዳዱስታት እዚያው በ2024። ሮክሳዱስታት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ኮሌስትሮል ሲወርድ ታይቷል፣ ስለዚህ የኦሉዎቹ የአይጥ ውጤት ከሰው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ አይደለም። ነገር ግን ደም የመርጋት ስጋት አላቸው። የደም ማነስ የሌላት እናት ስኳሯ ይውረድ ብላ የምትወስደው ነገር አይደለም። ኤፍአይኤችን ለይቶ የሚያግድ፣ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት ደግሞ የለም።

ሜትፎርሚኗን ትቀጥል። በእግር መንቀሳቀስ ከቻለች ከምግብ በኋላ ትንቀሳቀስ። ጡንቻ ሲኮማተር ስኳር የሚያስገባውን በር፣ ግሉት4ን፣ ኢንሱሊን ሳያዘው በራሱ ወደ ላይ ያወጣዋል። ኢንሱሊን የማይሰማ ጡንቻ ላይ እንኳ ይህ መንገድ ክፍት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ታንኮራፋለች?

ሲስተር_ማ፦

ታንኮራፋለች። ያውም ከዓመታት ጀምሮ። ቤት ውስጥ ሁላችንም ለምደነዋል። አሁን ሳስበው መሃል ላይ ዝም የምትልበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ በኃይል ተንፍሳ ትቀጥላለች። ጠዋት ራሴን አመመኝ ትላለች፣ እኔ ከግፊቱ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ላይ ለዮ የጻፉትን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ስንት ታካሚ ያየሁ ሰው የገዛ እናቴን ሳላይ።

ሐኪም_ውስጥ_ደዌ፦

አይዞሽ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ነው ይህን የሚለምደው። ዛሬ ተራ ከሌለሽ አጠገቧ ተኚ። ዝም ስትል ሰዓት ያዢ፣ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየውን ብቻ መዝግቢ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፊ። ፐልስ ኦክሲሜትር ማግኘት ከቻልሽ ጣቷ ላይ አድርጊና በዚያ ሰዓት የደም ኦክስጅኗ ቁጥር ወደ ስንት እንደሚወርድ እዪ። በሰዓት 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልጋታል። ሌሊት ትንፋሿ እንዳይቋረጥ የሚያግዝ ማሽን ቢታዘዝላት ስኳሯ ላይ ያለው ለውጥ ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ጥናቶቹ በዚህ ላይ አይስማሙም። ግፊቷና የቀን ድካሟ ላይ ግን ይረዳል። የጻፍሽውን ይዘሽ ወደ ሐኪሟ ሂጂ።

ሲስተር_ማ፦

እሺ ዶክተር። ኦክሲሜትር አለኝ። ፍራሼን ወደ ክፍሏ አስገብቻለሁ፣ አሁን ነው የተኛችው። ነገ እዚሁ እጽፋለሁ።